ከስቶክሆልሟ ጀልባ እስከ ደብረ ብርሃኑ ቤቴ፦ ቤትን ለውርጭ ማሰናዳት

አማቼ «እማማ፣ ነገ ጀልባዋን ልናስተኛት ነውና ይምጡና ይዩ» ሲለኝ የሳቅኩት ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «ጀልባ ደግሞ እንደ አራስ ይተኛል?» ነበር ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ስዊድን የምትኖረው የመጀመሪያ ልጄ መውለጃዋ ደረሰና ላርሳት ወደ ስቶክሆልም ሄድኩ። ለአጥሚት የሚሆነውን የአጃ ዱቄት፣ በሶውን፣ በርበሬውን ሸክፌ፣ ቅቤው ግን ድንበር ላይ ይወሰዳል ስላሉኝ እያዘንኩ ትቼው ነው የሄድኩት። የደረስኩት በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ነበር። ልጄ ገና አልወለደችም። እዚያ አገር ይህ ወቅት የበጋው ማለቂያ፣ የብርዱ መጀመሪያ ነው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን በነርስነት ሠርቻለሁ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ኅዳር ሲገባ ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል፣ ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ ላዩ ረግቶ ይገኛል። ስለዚህ ስለ ብርድ የሚያስተምረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች የምጽፈው፣ በስልሳ ዓመቴ ከአንዲት አሮጌ ጀልባ የተማርኩትንና ትምህርቱ ወደ ቤቴ ስመለስ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ነው። በመካከሉ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ለሰው ያልተናገርኩትን አንድ ሌሊት እነግራችኋለሁ።

ከጣና የመጣ አመል

አማቼ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ያደገው ጣና ዳር፣ ታንኳ ሲታሰር እያየ ነው። ታንኳ ከደንገል ነው የምትሠራው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ጎትቶ ዳር ያወጣታል፣ ፀሐይና ነፋስ ላይ ያቆማታል። ካልደረቀች ትበሰብሳለች። አማቼ «የታንኳ ዕድሜ የሚለካው ውሃ ላይ በዋለችበት ሳይሆን ዳር ላይ በተያዘችበት ነው፣ ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት» ይለኛል።

ስዊድን ሄዶ ሥራ ሲይዝ ከሥራ ባልደረባው ላይ አንዲት ስምንት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ጀልባ ገዛ። አሮጌ ናት። አካሏ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ሲሆን መሐሏ ላይ ረጅም የሸራ ምሰሶ፣ ሆዷ ውስጥ ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የውሃ ታንከር፣ ከኋላዋ ደግሞ ነፋስ ሲጠፋ የምትንቀሳቀስበት ትንሽ የናፍጣ ሞተር አላት። በጋውን ቅዳሜና እሑድ ከልጄ ጋር ይንሳፈፉባታል። ክረምታቸው ሲመጣ ግን ውሃው ዳር ዳሩን ስለሚረጋ፣ ጀልባዎች ሁሉ በክሬን እየተነሱ ወደ መሬት ይወጣሉ። ለዚህ ነው «ልናስተኛት ነው» ያለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ልጄ ሆዷን ታቅፋ መኪና ውስጥ ተቀመጠች፣ እኔ በጋቢዬ ላይ የእርሷን ካፖርት ደርቤ ወጣሁ። ያየሁት የሰው ብዛት ደስ አለኝ። ጀልባ ያላቸው ሰዎች ማኅበር አላቸው። አደረጃጀቱ የእኛን ዕድር አስታወሰኝ። ክሬን የሚከራየው በጋራ ነው፣ አባል ሁሉ የሥራ ቀን አለበት፣ ጀልባዎቹን ሌሊት የሚጠብቁት ራሳቸው አባላቱ በተራ እየወጡ ነው። ሐኪምም ይሁን አናጢ ተራው ሲደርስ ባትሪውን ይዞ ሲዞር ያድራል። አንዱ የሌላውን ገመድ ይይዛል፣ መሰላል ያቀብላል። «ይሄማ ደቦ ነው» አልኩት አማቼን።

ጠላቱ በረዶው ሳይሆን የቀረው ውሃ ነው

ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ በእንጨትና በብረት ድጋፎች ላይ ስትቆም ሆዷ በኃይለኛ ውሃ ታጠበ። ከዚያ አማቼ ውስጥ ገብቶ ያደረገውን ሁሉ እየተከተልኩ ጠየቅኩት። አንድ ሙሉ ቀን የወሰደው ሥራ በአብዛኛው አንድ ነገር ነበር፦ ውሃ ማውጣት።

የመጠጥ ውሃ ታንከሩን አራገፈ። ቧንቧዎቹን ከፈተ። የመጸዳጃውን ፓምፕ አደረቀ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ከውጭ የሚሳብ ነውና እርሱን አውጥቶ በምትኩ የማይረጋ ባለቀለም ፈሳሽ ሳበበት፤ ቀለሙ በጭስ ማውጫው በኩል እስኪወጣ ድረስ ጠበቀ። ከወለሉ ሥር የተጠራቀመችውን ጥቂት ውሃ ሳይቀር በስፖንጅ ጠረጋት።

«ይቺ ጭላጭ ምን ታደርጋለች?» አልኩት።

«እማማ፣ እሷ ናት ጀልባ የምትሰነጥቀው» አለኝ።

በትምህርት ቤት የተማርነውን ነው ያስታወሰኝ። ብዙ ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ውሃ ግን ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። መውጫ ካጣ የያዘውን ዕቃ ይገፋል፤ ብረትም ቢሆን ይሰነጠቃል። የሚገርመው ደግሞ ጉዳቱ ሲደርስ አይታይም። በረዶው ራሱ ስንጥቁን እንደ ቡሽ ደፍኖት ይቆያል። ጉዱ የሚወጣው ሙቀት መጥቶ ሲቀልጥ ነው።

ሸራዎቹን አውርዶ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጣጥፎ ወደ ቤት ወሰዳቸው። ፍራሾቹን አንድ ጎናቸው ላይ አቆማቸው፤ ተኝተው ከቀሩ ከሥራቸው ይሻግታሉ። ባትሪውን ሞላው፤ የሞላ ባትሪ ብርድ ይችላል፣ የደከመ ግን ይረጋል። የናፍጣ ታንከሩንም እስከ አፉ ሞላው፤ ባዶ ቦታ ከተተወ ውስጡ ያለው እርጥበት ግድግዳው ላይ ላብ ሆኖ ወደ ናፍጣው ይወርዳል።

በመጨረሻ በእንጨት የቤት ጣሪያ የመሰለ ቅርጽ አቁሞ ሸራ ለበስ ፕላስቲክ አለበሳት። ጣሪያውን ሹል ያደረገው በረዶው እንዲንሸራተት ነው። እኔ ደግሞ የፊቱና የኋላው ጫፍ ክፍት መቅረቱን አይቼ «ብርድ ይገባባታል፣ ዝጋው እንጂ» አልኩት። እንደ ኢትዮጵያዊት እናት ነው የተናገርኩት። እርሱ ሳቀና «ከዘጋሁትማ ትበሰብሳለች። ብርድ አይገድላትም፣ የታፈነ እርጥበት ነው የሚገድላት። መተንፈስ አለባት» አለኝ።

ትንሿ ነጭ ሣጥን

ልጄ በጥቅምት ወር በሰላም ተገላገለች። ወንድ ልጅ። አጥሚቱን አጠጣሁ፣ ገላዋን አሸሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ የሚወርደውን በረዶ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። አማቼ ብዙ በረዶ በወረደ ቁጥር ከሥራ ሲመለስ ወደ ጀልባዋ ጎራ ይላል፤ እኔም አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። አዲስ የወረደ በረዶ ቀላል ይመስላል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ሸክሙ ይበዛል፣ ልብሱን ይቀዳል፣ እንጨቱን ይሰብራል። ለስላሳ መጥረጊያ ይዞ ከውስጥ በኩል እየመታ አራገፈው። ገመዶቹን ፈተሸ። ድጋፎቹ አለመላላታቸውን በእጁ እየነካ ዞረ። ልክ እኔ ተረኛ ሆኜ በሽተኞቼን አልጋ በአልጋ እንደምዞረው።

ከዚያ መሰላል ወጥተን ሆዷ ውስጥ ገባን። ከጣሪያው ሥር አንዲት መዳፍ የምታህል ነጭ ሣጥን ተለጥፋለች።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ናት። ጋዙ ካለ ትጮኻለች። በብርድ ጊዜ ሰዎች ጀልባ ውስጥ ሲያድሩ ምድጃ ወይም ከሰል አቀጣጥለው በሩን ይዘጋሉ። ተኝተው የቀሩ አሉ።»

እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። አማቼ ብርድ የመታኝ መስሎት ደነገጠ። ብርድ አልነበረም። ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም.፣ አንኮበር፣ ትዝ ብሎኝ ነው።

የዚያን ሌሊት

ያኔ አንኮበር ጤና ጣቢያ የምሠራ ወጣት ነርስ ነበርኩ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ብርዱ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ከገደሉ ሥር የሚነሳው ጉም ቤት ድረስ ይገባል፤ ነፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በዚያ ወር ነው። እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን መጣች።

እናቴ ለአራስ ብርድ ክፉ መሆኑን ታውቃለች። የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈች። የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ደፈነች። ከዚያ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን፣ ማንደጃውን አምጥታ ከአልጋዬ አጠገብ አኖረችው። ጭስ የለም። ሽታ የለም። ክፍሉ ሞቀ። ሦስታችንም ተኛን፤ እኔ፣ የአሥራ ሁለት ቀን ልጄና እናቴ።

ሌሊት ላይ ራሴን እየፈለጠኝ ነቃሁ። አጥወለወለኝ። ብርድ መታኝ፣ የአራስ ትኩሳት ጀመረኝ ብዬ አሰብኩ። ነርስ ነኝ፤ ግን ይህ ነው ያሰብኩት። ልጄ ቀድማ ታለቅስ ነበር፤ ዝም ማለቷ ገረመኝ። ጡት ላጎርሳት ስሞክር አልያዘችም። «እምዬ» ብዬ ተጣራሁ። እናቴ አልመለሰችም። ልነሳ ስል እግሬ ከዳኝ። በጉልበቴና በእጄ እየዳሁ ልጄን በአንድ ክንዴ ይዤ በሩ ጋ ደረስኩ። የተወተፈውን ጨርቅ መንቀል አቃተኝ፤ በሩ ግን በመጨረሻ ተከፈተና ደፉ ላይ ወደቅኩ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሰው ወጣ። እናቴን ጎትተው አወጧት።

ያ እንደ መርፌ የሚወጋ የአንኮበር ነፋስ ነው ሦስታችንንም ያተረፈን። ልጄ ጥቂት ቆይታ አለቀሰች። እናቴ እስከ ረፋድ ድረስ ስሟን መናገር አቅቷት ነበር። ጎረቤቶቻችን አንዱ «ምች ነው» አለ፣ ሌላው «ቡዳ ነው» አለ። እኔ ማንደጃውን አየሁት። አመዱ ውስጥ ፍሙ ገና አልጠፋም ነበር።

ይህን ለብዙ ዓመታት ለሰው አልተናገርኩም። አንደኛ፣ ነርስ ሆኜ ባለማወቄ አፍሬ ነበር። ሁለተኛ፣ እናቴ በሕይወት ሳለች ነገሩ ሲነሳ ታለቅስ ነበር። «ልጅሽን ልገድልብሽ ነበር» ትለኛለች። ፍቅር ነው ማንደጃውን ያስገባው። እኛ ቤት ከሰል የሚገባው ሁልጊዜ በፍቅር ነው፤ ለአራስ፣ ለሕፃን፣ ለሽማግሌ ተብሎ። አደጋውን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ያቺ የአሥራ ሁለት ቀን ሕፃን፣ ይህ አማቼ ያገባት፣ እኔ ላርሳት ስቶክሆልም የሄድኩላት ልጄ ናት።

ስመለስ ቤቴ ጠበቀኝ

የቪዛዬ ሦስት ወር አልቆ ለገና ደረስኩ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጩ በርትቶ ነበር። ቤቱን የጠበቀልኝ የወንድሜ ልጅ በጥሩ ሁኔታ ይዞታል። ነገር ግን ሮቶው ላይ ከሚወጣው ቧንቧ ክርኑ ተሰንጥቆ ውሃው ግቢውን ሞልቶታል። «አክስቴ፣ ሌሊት ምንም አልነበረም፤ ፀሐይ ሲወጣ ነው መፍሰስ የጀመረው» አለኝ። ሳቅኩ። አማቼ የነገረኝ ቃል በቃል ይኸው ነበር።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጥቅምት ሲያልቅ ቤቴን እንደ ጀልባዋ አሰናዳለሁ። ዝርዝሩ ቀላል ነው፤ ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚጠብቀው፦ የቀረ ውሃን ማውጣት፣ ቤቱ እንዲተነፍስ ማድረግ፣ በተዘጋ ቤት እሳት አለማሳደር።

*ውሃ።* ደጅ የሚታየውን ቧንቧ ሁሉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም በስፖንጅ ጠቅልሉና በላዩ ላይ ፕላስቲክ እሰሩ። ጨርቁ ከራሰ ጥቅም የለውም፤ ፕላስቲኩ ለዚህ ነው። ማታ ከሮቶው የሚወርደውን መስመር መዝጊያ ዝጉና ዝቅ ብሎ ያለውን የደጅ ቧንቧ ክፈቱት፤ መስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ይፍሰስ፣ በባልዲ ያዙት። ደጅ የሚያድር ጀሪካን እስከ አፉ አይሞላ። ጠዋት ውሃ እምቢ ካለ ችቦ ወይም ጋዜጣ አቀጣጥላችሁ ቧንቧውን አታቃጥሉ። ቧንቧውን ከፍታችሁ፣ ከአፉ ጀምራችሁ ወደ ኋላ በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ አለዚያም ፀሐይን ጠብቁ።

*መኪና።* መኪና ያላችሁ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ባዶ ውሃ እንዳይሆን አስመርምሩ፤ ውርጭ የሚችለው ፈሳሽ ይጨመርበት። ይህ ፈሳሽ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ግን መርዝ ነው። ሕፃንና ውሻ ከማይደርስበት ቦታ አኑሩት፤ መሬት ላይ የፈሰሰውንም እጠቡት። ጠዋት በረዶ በያዘው መስታወት ላይ የፈላ ውሃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል። ሞተር ልታሞቁ ከሆነ መኪናውን ከጋራዡ አውጡት፤ ከቤት ጋር በተያያዘ ዝግ ጋራዥ ውስጥ የሚጮህ ሞተር ከከሰሉ ጋር አንድ ዓይነት ጋዝ ያወጣል።

*አየር።* ብርድ ነው ብላችሁ ቤቱን ቀኑን ሙሉ ዘግታችሁ አትዋሉ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲጠነክር በርና መስኮት ለጥቂት ጊዜ ወለል ይበሉ። ብርድ ልብሱ፣ ፍራሹ፣ ትራሱ ፀሐይ ይምታው። እርጥብ ልብስ መኝታ ቤት አታስጡ። ግድግዳ ላይ የሚታየው ጥቁር ሻጋታ የልጆችን ሳልና የአስም በሽታ ያባብሳል። በሠራሁባቸው ዓመታት ወደ እኛ የሚመጣው የሕፃናት ሳል በኅዳርና በታኅሣሥ ይበዛ ነበር።

*እሳት።* እዚህ ላይ እንደ ነርስ ጠንከር ብዬ ልናገር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭሱ ያለቀ ቀይ ፍም «ንጹሕ» ይመስላል፤ ጋዙ የሚወጣው ግን ከእርሱም ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ነገር ግን ኦክስጅኑ ወደ አንጎሉና ወደ ልቡ አይደርስም። ነፍሰ ጡር፣ ማሕፀን ውስጥ ያለ ጽንስ፣ ሕፃን፣ አዛውንትና የልብ በሽተኛ ቀድመው ይጎዳሉ።

ስለዚህ ማንደጃው ለቡና ሲገባ መስኮት ይከፈት። መኝታ ሰዓት ሳይደርስ ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ። «ትንሽ ናት፣ አመድ ለብሳለች» አይባልም። በሩን ገርበብ ማድረግም ከሰል አጠገብ ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም። አቅሙ ያላችሁ መጠቆሚያ ሣጥኗን ውጭ ካለ ዘመድ አስልኩ። ከሽቶና ከጫማ በፊት እሷን ጠይቁ።

ምልክቱንና መፍትሔውን እንወቅ

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ የቃል መደናገር፤ እነዚህ ናቸው። ጉንፋን ይመስላል፣ ትኩሳት ግን የለውም። ትልቁ ፍንጭ ይህ ነው፦ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ደጅ ሲወጣም ከተሻለው፣ ጥፋቱ ያለው አየሩ ላይ ነው።

በመጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፤ ሰዎቹን ወደ ደጅ አውጡ። ከቻላችሁ ትንፋሽ ይዛችሁ ግቡ፤ አድናለሁ ብሎ የገባ አብሮ የወደቀበት ጊዜ አለ። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ ራስ ላይ ውሃ ማፍሰስ ጋዙን ከደም አያወጣውም። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ይታነቃል። በጎኑ አስተኙት፣ ብርድ ልብስ አልብሱት፣ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ቶሎ አድርሱት። የተሻለው ቢመስልም ይታይ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች።

ታዲያ አራሱና አዛውንቱ በምን ይሙቁ?

ይህን ጥያቄ ሁሌ እጠየቃለሁ፤ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። ሕፃን ብርድ አይችልም። ጤነኛ የሰውነት ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከዚያ ከወረደ ይዳከማል፣ መጥባት ይተዋል። ለእርሱ ከእናቱ ደረት የተሻለ ምድጃ የለም። ሕፃኑን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋችሁ፣ ቆዳው የእናቱን ቆዳ እንዲነካ ደረቷ ላይ አስተኙትና በላያቸው ላይ አልብሱ። እናት ሲደክማት አባት ይተካ፤ አያትም ትችላለች። የመጀመሪያው ገላ መታጠብ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆይ። ሙቀቱን ስትመረምሩ እጁን ሳይሆን ደረቱንና ሆዱን ዳስሱ።

አዛውንት ደግሞ ብርዱ እየጎዳቸው ሳለ ላይሰማቸው ይችላል። ሰውነታቸው ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ዝም ይላሉ፣ ንግግራቸው ይጎተታል፣ ይፈዛሉ። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብርድ ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ መድኃኒታቸው በዚህ ወቅት መቋረጥ የለበትም። ካልሲ፣ ኮፍያ፣ በአንድ ወፍራም ፈንታ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ፣ ትኩስ ሾርባ፣ ማታ ማታ እግር ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ። በባዶ ቆዳ ላይ አይደረግ፤ ያቃጥላል። አገራችንስ ምን ጎድሎባት ነው? ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ናት። ከጎናችን መንዝ አለ፤ የበጉ ሱፍ፣ ባናው፣ በርኖሱ የተሠራው ለዚሁ ብርድ ነው። አያቶቻችን ሱፍን የመረጡት በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል።

በሚያዝያ የመጣ ምስል

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከስቶክሆልም ቪዲዮ ተላከልኝ። ጀልባዋ ልብሷ ተገፍፎ፣ ሆዷ ቀለም ተቀብቶ በክሬን ተነሥታለች። ቀስ ብላ ውሃው ላይ አረፈች። አማቼ ውስጧ ገብቶ የቧንቧውን መውጫ ሁሉ በባትሪ እያበራ ሲመረምር ይታያል። ከዚያ ብቅ ብሎ «እማማ፣ አንዲት ጠብታ የለም!» አለ። ከበስተኋላው ልጄ የልጅ ልጄን አዝላ ቆማለች፤ በእኔ አንቀልባ ነው ያዘለችው።

እኔም የግቢዬን ቧንቧ ከፍቼ የሚፈሰውን ውሃ በስልኬ አንስቼ ላክሁለት። ቧንቧው ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተሰነጠቀም።

ዘንድሮም ጥቅምት ሲያልቅ መሰላል አቁሜ ቧንቧውን እጠቀልላለሁ። ከዚያ ጎረቤቶቼ ዘንድ አራስ ያለበትን ቤት እየጠየቅኩ እዞራለሁ። ገንፎ በልቼ፣ መርቄ፣ ስወጣ ግን አንድ ነገር ሳላደርግ አልወጣም። ማንደጃው የት እንደሚያድር እጠይቃለሁ። «እዚሁ» ካሉኝ የአንኮበሯን ሌሊት ቁጭ ብዬ እተርክላቸዋለሁ። አሁን አላፍርበትም። እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ተነሥታችሁ ማንደጃችሁን አንድ ጊዜ እዩልኝ።

ውርጩን በጤና ያሳልፍልን፤ ቤታችሁን ይሙላው።